ዝናቡ ሳይገባ የሚያልቅ ሥራ

በጎንደርና በዙሪያዋ በቀበሌ፣ በክፍለ ከተማና በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ሁሉ ግንቦት ሲጋመስ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ስለ ክረምቱ ጎርፍና ናዳ ደብዳቤ ይወርዳል፣ ግብረ ኃይል ይቋቋማል፣ «በቂ ቅድመ ዝግጅት ተደርጓል» የሚል ሪፖርት ይላካል። በሪፖርቱ ላይ ጆንያው፣ አካፋው፣ ብርድ ልብሱና ዱቄቱ ይቆጠራል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ ሲጮኽ ተነስቶ የሚሄደው ሠራተኛ በምን ልብ እንደሚሄድ ግን የሚጠይቅ የለም። በዚህ ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች የተሳሳትነው ብዙ ነው። ቀጥሎ የምናሰፍረው እናንተ እዚያው ስህተት ላይ እንዳትወድቁ ነው።

ስለ ቦታው በአጭሩ። ከተማዋ የተቀመጠችው በአንገረብና በቀሃ መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። ወንዞቹ ወደ ደቡብ ወርደው የመገጭ ገባር ይሆናሉ፤ መገጭም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ላይ ተዳፋት፣ ታች ዋልካ ነው። ላይኛው ሰው የሚፈራው ደራሽ ጎርፍና የግንብ መደርመስ ሲሆን፣ ታችኛው የሚፈራው ቀስ ብሎ ገብቶ ለሳምንታት የሚተኛ ውኃ ነው። ሁለቱ በሠራተኛው መንፈስ ላይ የሚያደርሱት አንድ አይደለም። ደራሹ ክው ያደርጋል፤ የተኛው ውኃ ደግሞ ያሰለቻል፣ ያነታርካል፣ ሰው ያስመርራል። ስለዚህ የደንቢያ ሠራተኛ የሚያስፈልገው ዝግጅት ከአንገረብ ዳር ሠራተኛ ይለያል። የአንዱን እቅድ ለሌላው ገልብጦ ማህተም መምታት የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ዋናው ስህተት ግን ሌላ ነው። እቅዱ ሁሉ የሚጻፈው ሠራተኛውን ከውጭ እንደመጣ ረጂ አድርጎ ነው። የቀበሌ ሠራተኛ ግን ከዚያው ሰፈር ነው። ጎርፉ የሚገባው እሱም ቤት ነው፤ መጠለያ በሆነው ትምህርት ቤት ውስጥ ከሚመዘገቡት ተጎጂዎች መካከል አክስቱ አለች። ቤቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሰው ቤት እንዲያድን ሲታዘዝ ወይ ጠፍቶ ቤተሰቡ ዘንድ ይሄዳል፣ ወይ አካሉ እያለ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ይሠራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ስም ይዘላል፣ ቁጥር ይሳሳታል፣ ሰው ላይ ይጮኻል። ከዚያ «ግዴለሽ ነው» ተብሎ ይገመገማል። ችግሩ ግዴለሽነት አልነበረም፤ ልጆቹ የት እንዳሉ አለማወቁ ነበር።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቢሮ ሳይሆን ከቤት ነው፤ ጊዜውም ግንቦት ነው። ከቤተሰብ ጋር አንድ ምሽት ቡና ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ሙሉ። ልጆቹ ማን ቤት ይሄዳሉ? እናት አባት በዕድሜ ከገፉ ማን ይሸከማቸዋል? የቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ የትኛው ጎረቤት ዘንድ ነው? የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ በወፍራም ፕላስቲክ ታሽገው ከመሬት ከፍ ብለው ይቀመጡ። ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጻፉ፤ ባትሪ ሲያልቅ በቃል የሚታወቅ ቁጥር ከሁለት አይበልጥም። ቤት ውስጥ ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ካለ የ7 ቀን ለብቻው ይቀመጥ። ለራሳችሁ ደግሞ በር አጠገብ አንድ ቦርሳ፦ ባትሪና ትርፍ ድንጋይ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሁለት ደረቅ ካልሲ፣ 2 ሊትር ውኃ፣ በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ። ካልሲው ያስቃል ይሆናል፤ በርጥብ እግር ሌሊቱን የቆመ ሰው ንጋት ላይ ከማንም ጋር በትዕግሥት አይነጋገርም።

አንድ ነገር ጨምሩ። ከቤት ጋር የመልእክት ሰዓት ተስማሙ፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት። «ደህና ነኝ» ብቻ በአጭር መልእክት። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሪ እምቢ ሲል መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። በተባለው ሰዓት መልእክት የሚጠብቅ ቤተሰብ በየአምስት ደቂቃው አይደውልም፤ ሠራተኛውም ስልኩን እያየ ልቡ አይከፈልም።

ቢሮ ውስጥ ትልቁ የአእምሮ መቆለፊያ ደግሞ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። ቢያንስ የውኃ ፍርሃት አይደለም። «ማን አዘዘህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ተረኛው ውኃው እየጨመረ መሆኑን ያያል። ሰዎቹ ከወንዙ ዳር መነሳት እንዳለባቸው ያውቃል፤ ትምህርት ቤቱ መከፈት እንዳለበትም ያውቃል። ግን ይደውላል። ኃላፊው ስልክ አያነሳም። ምክትሉም ያው። «ነገ ተጠያቂ እሆናለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ከውጭ ለሚያየው ደርቆ የቀረ ፈሪ ይመስላል፤ እውነቱ ሥልጣን ያልተሰጠው ሰው መሆኑ ነው። ስንት ዓመት ለዚህ ችግር የድፍረት ሥልጠና ሲሰጥ ቆየ! መድኃኒቱ ግን አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው ከሰኔ በፊት ተፈርሞና ማህተም ተመትቶ በተረኛው እጅ ይግባ። ይዘቱ አጭር ነው፦ ተረኛው ማንንም ሳያስፈቅድ የወንዝ ዳር ነዋሪዎችን ማስነሳት፣ በስም የተጠቀሰውን ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ማስከፈት፣ የዕድር ጥሩንባ ማስነፋትና አምቡላንስ መጥራት ይችላል፤ ዝናቡ አባርቶ ጎርፉ ቢቀር በዚህ አይጠየቅም። የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳትተዉ። ሰውን በከንቱ ያስነሳ ሠራተኛ አንዴ ከተዘለፈ ሁለተኛ ማንንም አያስነሳም። የትምህርት ቤቱ ቁልፍም ሁለት ይሁን፤ አንዱ በጥበቃው፣ አንዱ በሰፈሩ ዕድር ዳኛ እጅ። ቁልፍ ፍለጋ የባከነ ግማሽ ሰዓት ለጎርፍ ብዙ ነው። በ1998 ሐምሌ ማብቂያ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀው ደራሽ ውኃ የመጣው ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነበር፤ በዚያው ክረምት ፎገራና ደንቢያም በውኃ ተውጠዋል።

ከደብዳቤው ቀጥሎ ልምምድ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ፣ ወጪ የሌለው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ። ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ሹፌሩን፣ ጥበቃውን፣ መዝገብ ቤቷንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አትርሱ፤ ሌሊት መጀመሪያ የሚገኙት እነሱ ናቸው፣ ስብሰባ ላይ የማይጠሩትም እነሱ። ጉዳዩን እንዲህ አቅርቡት፦ ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ከባድ ዝናብ፣ መብራት ጠፍቷል፣ ከአንገረብ ዳር ሦስት ቤት ውኃ ገብቷል። እያንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የሚያደርገውን በወረቀት ይጻፍ። «ለሚመለከተው አካል አሳውቃለሁ» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ማን? በየትኛው ቁጥር? ምን ብለህ? 40ኛው ደቂቃ ላይ ኃላፊውን ከክፍሉ አስወጡትና «ስልኩ አይሠራም» በሉ። እዚህ ላይ ዝም የሚል ክፍል ታያላችሁ። ያ ዝምታ በግንቦት መታየቱ መልካም ነው። ልምምዱ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፤ ረጅም የመክፈቻ ንግግር ሲደረግና አበል የማያገኝ ሰው ሲቀር።

ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር በኪሱ ይያዝ፤ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል። «ውኃው ድልድዩ ላይ የተቀባውን ምልክት ከነካ ጥሩንባ አስነፋለሁ።» «ኃላፊውን ሁለቴ ደውዬ ካጣሁት በደብዳቤው እሠራለሁ።» በድንጋጤ ሰዓት አእምሮ አዲስ ሐሳብ ማፍለቅ ያቅተዋል፤ ቀድሞ የተወሰነውን መፈጸም ግን ይችላል።

አሁን ወደዚያ ሌሊት እንሂድ። በሰውነታችሁ ላይ የሚሆነውን ቀድማችሁ ብታውቁት አያስደነግጣችሁም። ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ አፍ ይደርቃል፣ ከጎን ያለ ሰው ሲጠራችሁ አይሰማችሁም፣ ዓይን አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ይቀራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ሲዘጋጅ የሚያደርገው ነው። ማርከሻው ትንፋሽ ነው፤ 4 እስክትቆጥሩ በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ 6 እስክትቆጥሩ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ። አምስት ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ወደ ውጭ የሚወጣው መርዘሙ ነው ልብን የሚያረጋጋው። ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ «ያለሁት እዚህ ነው፣ የማየው ይህ ነው፣ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው» በሉ። ደብተሩን አውጡና ሰዓት ጻፉ። በዚያ ሌሊት የሆነው ቅደም ተከተሉ በማግሥቱ ይምታታል፤ የጻፈ ሰው ብቻ ነው «ስንት ሰዓት ላይ አሳወቅህ?» ሲባል ራሱን የማይጠራጠር።

ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት ሁለት ሁኑ። ጓደኛችሁ ሲፈዝ ስሙን ጠርታችሁ ትከሻውን ያዙና ትንሽ ሥራ ስጡት፦ «ባትሪውን ያዝልኝ»፣ «እነዚህን ሰዎች ቁጠር»። «አይዞህ፣ ተረጋጋ» ብቻውን አይሠራም፤ ሥራ የያዘ እጅ ግን ልብን ይመልሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ሰው እንዳያድን ሰውን መከልከል ነው። ወራጅ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ አዋቂን ሰው ሊጥል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን መኪና ሊወስድ ይችላል። ናዳ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን የሆነውን አስታውሱ፤ መጀመሪያ በተንሸራተተው አፈር ሥር ያሉትን ለማውጣት ሲቆፍሩ የነበሩ ብዙዎች ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ከመካከላቸው ነበሩ። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ ተዳፋቱ ገና አልጨረሰም። ሰው ግን ወንድሙ ከአፈር ሥር ሆኖ «ቆይ» ስትሉት ይጠላችኋል። ስለዚህ የምትሉትን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ማን እንደሚለውም ጭምር። ከአጥቢያው ቄስ ወይም ከዕድሩ ዳኛ አፍ «ልጆቼ፣ ሁለተኛ ለቅሶ አንጨምር፤ ይህች ስንጥቅ እስክትመረመር ጠብቁ» ሲባል የሚደመጠው፣ ከቢሮ ሠራተኛ ሲባል ድብድብ ይሆናል። ተመልካች አንድ ሰው ተዳፋቱን ብቻ እያየ ፊሽካ ይዞ ይቁም። ከልክላችሁ ሰው ሳይተርፍ ቢቀር ጸጸቱ ለወራት ይከተላችኋል። ይህም እንደሚመጣ ከአሁኑ እወቁት።

ሞት ካለ መርዶ አትንገሩ። ይህ ምክር ለአዲስ ሠራተኛ እንግዳ ይሆንበታል፤ ነገር ግን የእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰባስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ፣ የሚያረዱትን ሰው አስቀምጦ ነው። የናንተ ድርሻ ለሽማግሌዎቹ የተረጋገጠውን መስጠት ነው፦ አስከሬኑ የት እንዳለ፣ ማን እንዳየው፣ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ። ፎቶ በቴሌግራም እንዳይወጣ ሠራተኛውን በጥብቅ ያዙ። የጠፋ ሰው ያለባቸውን ደግሞ «ይገኛል» አትበሉ። «እስከ 6 ሰዓት ያወቅነው ይህ ነው፣ በ10 ሰዓት ተመልሼ እነግራችኋለሁ» ብላችሁ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም በ10 ሰዓት ተመለሱ።

በማግሥቱ በመጠለያው የሚጠብቃችሁን ማንም አያስጠነቅቅም። ብዙ ሠራተኛን የሚሰብረው ጎርፉ ሳይሆን የመዝገቡ ጠረጴዛ ነው። ጎረቤት «ስሜን ሆን ብለህ ዘለልክ» ይላል፣ ያሳደገች አክስት «ሁለት ፍራሽ ጨምርልኝ» ትላለች፣ ስድቡ በስም ይመጣል። መከላከያው ሥርዓት ነው። ማንም የገዛ ዘመዱን አይመዝግብ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ በየ4 ሰዓቱ ይቀየር። ዝርዝሩ በየምሽቱ በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ አቤቱታ የሚሰማው በሌላ ጠረጴዛ ይሁን። ቦታውንም አስሉት፤ በዓለም አቀፍ መለኪያ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ይያዛል። 7 በ8 ሜትር የሆነ መማሪያ ክፍል 16 ሰው ነው የሚይዘው። 40 ሰው ከገባበት ጠቡ የሰዎቹ ክፋት አይደለም፤ የስፋቱ ነው። ውኃ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር፤ መጸዳጃ መጀመሪያ ለ50 ሰው አንድ፣ ቀናት ሲያልፉ ለ20 ሰው አንድ። እነዚህን ቁጥሮች የሚያውቅ ሠራተኛ ሲሰደብ የራሱ ጥፋት ምን ያህል እንደሆነ፣ የቦታና የውኃ እጥረቱ ምን ያህል እንደሆነ ይለያል። ይህ መለየት ጤና ነው።

ለተጎጂዎች የምትሰጡት የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ ውስብስብ አይደለም፤ ማየት፣ ማድመጥ፣ ማገናኘት ነው። ማን ብቻውን እንደተቀመጠ፣ ማን እንዳልበላ እዩ። መናገር የፈለገን አድምጡ፤ ያልፈለገን «ንገረኝ፣ ይቅለልህ» እያላችሁ አትቆስቁሱ። ከዚያ ከዘመዱ፣ ከሐኪሙ፣ ከሚያስፈልገው ዕቃ ጋር አገናኙት። «ለበጎ ነው» እና «ከአንተ የባሰ አለ» የሚሉትን ተዉአቸው። ፀበል እሄዳለሁ የሚለውን አትከልክሉ፤ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ግን ይዞት እንዲሄድና እንዳያቋርጥ ንገሩት።

ስለ እንቅልፍ ደግሞ ጠንከር ብለን እንናገር። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ፍጥነቱና ማመዛዘኑ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በምርምር ታይቷል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 ይጠጋል። እኛ ግን ሦስት ቀን ሳይተኛ የሠራውን በስብሰባ እናመሰግናለን። ሰክሮ የሠራን እንደማመስገን ነው። የአንድ ሰው ፈረቃ ርዝመቱ ከ12 ሰዓት አይለፍ። መጀመሪያ ወደ ቤቱ መሄድ ያለበት ኃላፊው ነው፤ እሱ እያለ ማንም አይተኛም። ከምሽት በኋላ ቡና መደጋገም፣ «እንቅልፍ ታመጣለች» ተብሎ የምትቀመሰዋ አረቄ፣ ለመንቃት የሚቃም ጫት፣ ሁሉም ቀጣዩን ቀን ይበሉታል።

ነገሩ ሲረግብ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ሁሉን ሰብስቦ «የተሰማህን በየተራ ተናገር» ማለት የተለመደ ሐሳብ ነው። አታድርጉት። እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ አስገዳጅ ስብሰባ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱን እንደሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይመክራል። ይልቅ ቡና ይፈላና ስለ ሥራው ተወያዩ፦ ምን ዘገየ፣ ምን ጎደለ፣ ማን ምን ያስተካክላል። ሆድ የባሰው ሰው ራሱ ጊዜውን መርጦ ያወራል።

በሚቀጥሉት ሳምንታት መባነን፣ ቅዠት፣ ዝናብ ሲጀምር ልብ መምታት፣ በትንሹ መቆጣት ይኖራል። አብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንት ይቀንሳል። ከአንድ ወር ካለፈ፣ ወይም ሥራና ቤት ካወከ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ከዚያም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ካለ ግን ወር አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ይዞ መሄድ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ ሰው ይገድላል። ኃላፊዎች፣ ለሠራተኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሙሉ የዕረፍት ቀን ስጡት። በእቅድ አፈጻጸም ምዘናውም ያ ሳምንት እንደ ባከነ አይቆጠርበት። በጎርፍ መሐል ሰው ሲያወጣ የሰነበተ ሠራተኛ መደበኛ እቅዱን አላሳካህም ተብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጠው፣ ለሚቀጥለው ክረምት ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል።

መስከረም ሲጠባ የቀረው ትንሽ ነው። ቁልፎቹ ይመለሱ፣ የባትሪው ድንጋይ እንዳያፈስ ይውጣ፣ የደብተሩ ማስታወሻ ተገልብጦ መዝገብ ቤት ይግባ። የተረኞች ስም ዝርዝርም ይታይ፤ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ሰው ቶሎ ይዛወራልና በግንቦት ከዝርዝሩ ስንቱ እንደሚቀር አይታወቅም። የሚዛወር ሠራተኛ መልቀቂያ ከመውሰዱ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍ፦ የትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዳለ፣ የትኛው ዕድር ጥሩንባ ነፊ ቶሎ እንደሚነሳ፣ የትኛው ድልድይ መጀመሪያ እንደሚሞላ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ።